ሁለት ቤት ያለው እንስሳ፦ አክሶሎትልና አፈር ውስጥ የሚኖሩት ዘመዶቹ

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ልጅ ያለበት ቤት ገብታችሁ ስልክ ብታዩ አንድ ፊት አታጡም። ሮዝ ነው። አፉ የሳቀ ይመስላል። ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተንጨፈረረ ነገር ወጥቶበታል። ልጆቹ ስሙን አሳምረው ያውቁታል፤ አክሶሎትል ነው። ማይንክራፍት የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2021 ስላስገባው እነሱ ዘንድ እንደ በግና እንደ ዶሮ የታወቀ ነው። ግራ የሚጋባው ወላጅ ነው። ያው እንስሳ ቲክቶክ ላይ «እግር ያለው ዓሣ» ተብሎ ይመጣል፣ ቴሌግራም ላይ «የውሃ እንሽላሊት» ይሆናል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «የድራጎን ልጅ»። ከሥሩ አስተያየቱ ይዥጎደጎዳል። አንዱ በኤአይ የተሠራ ነው ይላል። ሌላው የዘመን መጨረሻ ምልክት ነው ይላል። ሦስተኛው «እኛ ግቢ ክረምት ላይ አይቼዋለሁ» ብሎ ይምላል።

እንስሳው እውነተኛ ነው። ግቢ ውስጥ ታየ የተባለው ግን ሌላ ነገር ነው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ይህ ዕድሜውን ሙሉ ከውሃ የማይወጣ ፍጡር ቤተሰቦቹ አፈር ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ መሆናቸው ነው። ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ ቪዲዮው የሚያሳየን የአንድን ሕይወት ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሽ ከመሬት በታች ስለሆነ ካሜራ አያገኘውም።

እንሽላሊት ያልሆነው ለምንድን ነው?

አክሶሎትል ሳላማንደር ከሚባለው የእንስሳ ወገን ነው። አማርኛ ለሳላማንደር የራሱ ስም የለውም። እንስሳው አገራችን ውስጥ ስለሌለ ነው። ሳላማንደሮች በአብዛኛው የሰሜኑ የዓለም ክፍል ነዋሪዎች ናቸው። አፍሪካ ውስጥ የሚገኙት በሰሜን ጫፍ፣ ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ አካባቢ ብቻ ነው፤ ከሰሃራ በታች አንድም የለም። ስለዚህ ተርጓሚ ሲቸግረው «እንሽላሊት» ብሎ ይገላገላል። ቅርጹም ያሳስታል፤ አራት እግር፣ ረጅም ጅራት፣ መሬት ለመሬት መሄድ።

ቀረብ ብሎ ላየው ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። የእንሽላሊት ቆዳ ደረቅ ነው፣ በቅርፊት የተሸፈነ ነው፣ ጣቶቿ ላይ ጥፍር አላት፣ ረፋድ ላይ ድንጋይ ላይ ተሰጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ሳላማንደር ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይሞታል። ቅርፊትም ጥፍርም የለውም፤ ቆዳው ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ምክንያቱም ከሚተነፍሰው አየር ቀላል የማይባለውን የሚያስገባው በዚያው ቆዳ በኩል ነው። የጆሮ ቀዳዳም የለውም። እንቁላሉ እንደ እንሽላሊት እንቁላል ልባስ የለውም፣ የተልባ ውሃ በመሰለ ዝልግልግ ነገር የተጠቀለለ ነው። በአጭሩ ትምህርት ቤት «እንቁራሪት አስተኔ» የተባልነው ወገን ነው፣ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዘመድ። እንቁራሪት ስታድግ ጅራቷን ታጣለች፤ እሱ ይዞት ይኖራል።

ከሳላማንደሮች መካከል አምቢስቶማ የሚባል አንድ ወገን አለ። ከ30 በላይ ዝርያዎች አሉት፣ የሚኖረውም ሰሜን አሜሪካ ብቻ ነው፤ ከአላስካ ደቡባዊ ጫፍ እስከ መካከለኛው ሜክሲኮ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስሙን የሰጡት እኛ ፍልፈል እያልን በምንተረጉመው ቆፋሪ እንስሳ ነው። በነገራችን ላይ የእነሱ ፍልፈል የእኛው ፍልፈል አይደለም። የእኛው የአይጥ ወገን ነው፣ ሥራ ሥር ይበላል፣ የድንች ማሳ ያለው ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። የእነሱ ትል ለቃሚ ነው። ቢሆንም ሁለቱም አፈር ውስጥ ስለሚኖሩ «ፍልፈል ሳላማንደር» ብንል ነገሩ ይገባናል።

የሌላ ሰው ጉድጓድ

ስማቸው ፍልፈል ይሁን እንጂ ብዙዎቹ እዚህ ግባ የሚባሉ ቆፋሪዎች አይደሉም። አይጥና መሰሎቹ ቆፍረው የተዉትን ዋሻ ይገቡበታል፣ የበሰበሰ ግንድ ሥር ይሸጎጣሉ፣ የዛፍ ሥር ደርቆ የተወውን ክፍተት ይከተላሉ። ኪራይ የማይከፍሉ ተከራዮች ናቸው፤ የአዲስ አበባ ሰው ቢቀናባቸው አይፈረድበትም። ነብር ሳላማንደር የሚባለው ትልቁ ዝርያ ግን በራሱ እግር ይቆፍራል።

ሰውነታቸው ለዚህ ኑሮ የተሠራ ነው። ጭንቅላታቸው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ዓይናቸው ትንሽ፣ እግራቸው አጭርና ጠንካራ ነው። ጎናቸው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች አሉ፣ እርጥበትን ቆዳው ላይ ለማዳረስ የሚረዱ። በብዛት ከተጠኑት አንዱ ባለ ነጠብጣቡ ሳላማንደር ነው፤ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ ሁለት ረድፍ ቢጫ ነጠብጣብ አለው። ቢጫው ጌጥ አይደለም። ቆዳው ውስጥ መርዛማ ነጭ ፈሳሽ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ፤ ቀለሙ «ተወኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ታዲያ እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራል? ትል ይበላል፣ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ጢንዚዛ ይበላል፣ ይተኛል። የሰውነቱን ሙቀት ለመጠበቅ ምግብ ማቃጠል ስለማያስፈልገው በጥቂቱ ይኖራል። ዕድሜውም ረጅም ነው። 20 ዓመት መኖር ለዚህ ዝርያ ብርቅ አይደለም፣ አንዳንዱ ወደ 30 ይጠጋል። የአንድ ጎልማሳ መዳፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያክል እንስሳ ይህን ያህል ዘመን ከእግር በታች ይኖርና ጎረቤቱ አንድም ቀን ላያየው ይችላል።

የዝናቡ ሌሊት

በዓመት አንድ ጊዜ ግን ይወጣል። እነሱ አገር ክረምት ማለት በረዶ ነው፤ በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲለሰልስ፣ የመጀመሪያው ለዘብ ያለ ዝናብ ሌሊት ላይ ሲጥል፣ ጫካው ውስጥ ያሉት በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። በአንድ ሌሊት በመቶ የሚቆጠሩ ወደ አንድ ኩሬ ሲጎርፉ ይታያል። ብዙዎቹ የሚሄዱት ወደ ተወለዱበት ኩሬ ነው፣ ያውም በየዓመቱ በዚያው አቅጣጫ እየገቡና እየወጡ።

ኩሬው ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ቀሪው ታሪክ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሐይቅ አይደለም፣ ወንዝ አይደለም። ሐምሌ ላይ ሜዳ ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ አስቡት፤ ነሐሴ ላይ ሙሉ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲሆን የተሰነጣጠቀ ጭቃ ይሆናል። እንደዚያ ነው፤ በበረዶ ቅላጭና በዝናብ ይሞላል፣ በጋው ሲገፋ ይደርቃል። የሚደርቅ ኩሬ ውስጥ ዓሣ አይኖርም። ዓሣ ከሌለ ደግሞ እንቁላልና ጫጩት የሚበላ የለም። እኛ ጉድለት የምንለው መድረቁ ለእነሱ አጥር ነው።

ወንዶቹ ቀድመው ይደርሳሉ። ሴቶቹ ሲመጡ ወንዶቹ እየተሽከረከሩ፣ በአፍንጫቸው እየገፉ፣ ውሃውን ያምሱታል። ከዚያ የሚሆነው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ወንዱ የኩሬው ወለል ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ ጫፉ ነጭ የሆነ ትንሽ የዝልግልግ ምሰሶ ተክሎ ይሄዳል፤ ነጩ ጫፍ የዘር ፍሬው ነው። ሴቷ ከላዩ አልፋ በታችኛው ቀዳዳዋ ታነሳዋለች። ጽንሱ የሚፈጠረው ሆዷ ውስጥ ነው፣ ግን ያለ ግንኙነት። አንዱ ወንድ የተከለው ላይ ሌላው መጥቶ የራሱን ደርቦ መትከሉም የተለመደ ነው። ተንኮል ውሃ ውስጥም አለ።

አረንጓዴው እንቁላል

ባለ ነጠብጣቧ እንቁላሎቿን ውሃ ውስጥ ካለ ጭራሮ ላይ ታጣብቃለች። አንዱ ጥቅልል ብዙ ደርዘን እንቁላል ይይዛል፣ አንዳንዴም ከመቶ ያልፋል። ሲወጣ ትንሽ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ጡጫ ያክላል። ከውሃ አውጥታችሁ ብትይዙት ቅርጹን አይለቅም፣ እንደ ጄላቲን ይንቀጠቀጣል እንጂ አይፈስም። ከውስጥ እያንዳንዷ ጥቁር ነጥብ በራሷ ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች።

ከሳምንታት በኋላ ጥቅልሉ አረንጓዴ ይሆናል። አልጌ ነው፣ ማለትም ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው በዓይን የማይታይ ደቃቅ ተክል መሰል ነገር። እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ጽንሱ የሚያስወግደውን አሞኒያ ይመገባል፣ በምላሹ በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ይሰጠዋል። እስከዚህ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ራየን ከርኒ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ አልጌው ከጽንሱ ሴሎች ውስጥ ጭምር እንደሚገባ አሳዩ። አከርካሪ ባላቸው እንስሳት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። «በፀሐይ የሚሠራ እንስሳ» እየተባለ ወዲያው ተራገበ።

እዚህ ጋ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ከእንቁላሉ ውስጥ፣ ከጽንሱ ውጭ ያለው አልጌ ጥቅም መስጠቱ አያከራክርም፤ አልጌ የሌላቸው ጽንሶች ዘግይተው ያድጋሉ፣ ብዙ ይሞታሉ። ሴል ውስጥ የገባው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሴል ውስጥ ያለው አልጌ የተጨነቀ ነው፣ ብርሃንና ኦክሲጅን አጥቶ አኗኗሩን ይለውጣል። የሳላማንደሩ ሴል በአንጻሩ ያን ያህል የተረበሸ አይመስልም። ስለዚህ «ሁለቱ ተጠቃቅመው ይኖራሉ» የሚለው ውብ ታሪክ ግማሽ መንገድ ድረስ ነው የሚያስኬደው።

ሁሉም ዝርያ ውሃ ይጠብቃል ማለትም አይደለም። እብነ በረድ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለው ሌላ ዘመዳቸው ነገሩን ገልብጦታል። የሚራባው በመከር፣ ኩሬው ገና ደረቅ ሳለ ነው። እናቲቱ ከግንድ ወይም ከቅጠል ሥር ጉድጓድ አዘጋጅታ እንቁላሎቿን ትጥልና ተጠምጥማባቸው ትተኛለች። ዝናብ እስኪመጣ። ሳምንታት ሊሆን ይችላል። ጽንሶቹ እንቁላል ውስጥ አድገው ይጨርሳሉ ግን አይፈለፈሉም። ውሃው መጥቶ ሲያጥለቀልቃቸው ኦክሲጅን ያንሳቸዋል፣ ያ ምልክት ሆኖ ይወጣሉ። ትርፉ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ባለ ነጠብጣቦቹ በጸደይ ተፈልፍለው ሲወጡ እነዚህ ወራት ቀድመው ያደጉ ናቸው። ይበሏቸዋል።

ከውሃ መውጣት

ከእንቁላል የሚወጣው ልጅ እጭ ይባላል። እንቁራሪት ልጅ ሳለች ያላትን መልክ፣ ያንን ክብ ጭንቅላትና ጭራ፣ ብዙዎቻችን አይተናል። የሳላማንደር እጭ ከዚያ ይለያል። አንደኛ ስንጥቡ ውጭ ነው። ስንጥብ ማለት ዓሣ የሚተነፍስበት አካል ነው፤ ዓሣ ሸፍኖ ይይዘዋል፣ ይህኛው ግን በአንገቱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ላባ አድርጎ ዘርግቶታል። ሁለተኛ፣ ከጅምሩ ሥጋ በል ነው። የወባ ትንኝ እጭ ሳይቀር ይበላል። ሦስተኛ፣ የእንቁራሪት ልጅ የኋላ እግሯ ቀድሞ ሲታይ የሳላማንደር የፊቱ ይቀድማል።

ከዚያ ሩጫ ነው፤ ኩሬው ሳይደርቅ አድጎ መውጣት አለበት። ለብዙዎቹ ይህ ከሁለት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ኩሬው ከጠበበና ከተጨናነቀ ነገሩ ይከፋል። ነብር ሳላማንደር ላይ አንዳንዶቹ እጮች ጭንቅላታቸው ይሰፋል፣ ጥርሳቸው ይበረክታል፣ የገዛ ወገናቸውን መብላት ይጀምራሉ። በጥናት እንደታየው ግን ወንድምና እህታቸውን መብላት ይሸሻሉ፣ ዘመዳቸውን በጠረን ይለያሉ።

ከውሃ የመውጣቱ ለውጥ ሜታሞርፎሲስ ይባላል፣ አካል ተፈርሶ እንደገና የሚሠራበት የዕድገት ደረጃ ነው። ስንጥቡ ሟሙቶ ይጠፋል። የጅራቱ ክንፍ ይጠፋል። የዓይን ቆብ ይወጣል፣ ቆዳው ይወፍራል። ይህን ሁሉ የሚያዘው ታይሮክሲን የሚባል ሆርሞን ሲሆን የሚመነጨው ከእንቅርት ዕጢ ነው፣ የሚሠራውም ከአዮዲን ነው። አዎ፣ ያው አዮዲን። አዮዲን ያለበት ጨው ግዙ የምንባልለት ዕጢ እዚያ ኩሬ ውስጥ የአንድን እንስሳ ሙሉ አካል ይገለብጣል።

ያላደገው ልጅ

አሁን ወደ ሮዙ ፊት እንመለስ። አክሶሎትል የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፣ አገሩ ሜክሲኮ ሲቲ ያሉት የሾቺሚልኮና የቻልኮ ሐይቆች ናቸው። ከጭንቅላቱ የተንጨፈረረው ላባ ስንጥቡ ነው። ሌሎቹ በወራት የሚጥሉትን እሱ አይጥልም። የልጅነት መልኩን እንደያዘ ይጎለምሳል፣ ይራባል፣ ያረጃል። ሳይንቲስቶች ኒዮተኒ ይሉታል፤ አካል ልጅ ሆኖ ሳለ ለመራባት መድረስ ማለት ነው።

ይህ አውሮፓውያንን አንድ ወቅት ክፉኛ አደናግሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ፓሪስ ውስጥ ኦገስት ዱሜሪል የተባለው ተመራማሪ ከሜክሲኮ የመጡ ስድስት አክሶሎትሎች ተሰጡት። በዓመቱ እንቁላል ጣሉ። እንቁላል የሚጥል እንስሳ አዋቂ ነው፣ አለቀ። ነገር ግን ከልጆቹ አንዳንዶቹ ስንጥባቸውን አራግፈው፣ መልካቸውን ለውጠው፣ ሌላ እንስሳ ሆነው ከውሃ ወጡ። ወላጆቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ «ልጅ» እንደነበሩ የታወቀው ያኔ ነው። ዛሬ በየላብራቶሪው ያሉት አክሶሎትሎች አብዛኛዎቹ ዘራቸው ከዚያ ስብስብ ይመዘዛል። ስልክ ላይ የምናየው ሮዝ ቀለምም የላብራቶሪና የቤት ርቢ ውጤት ነው። ሐይቁ ውስጥ የሚኖረው ጠቆር ያለ ጭቃማ ነው፣ ቢያዩትም ማንም ላይክ አያደርገውም።

ለምን አላደገም? አንዱ አስተያየት «ጎደሎ» ነው ይላል። ዕጢው በበቂ አይታዘዝም፣ ሆርሞን ሲወጉት ግን ተለውጦ ይወጣል፤ ስለዚህ ችግር አለበት። ሌላው አስተያየት ስልት ነው ባይ ነው። የሾቺሚልኮ ውሃ ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም ነበር፣ በሌላ በኩል ትልልቅ አዳኝ ዓሦች አልነበሩም፤ ታዲያ ምቹ ቤት ትቶ ወደ ደረቅ መሬት መውጣት ምን ያደርግለታል? ነብር ሳላማንደር ሁለተኛውን ይደግፋል። አንዳንድ ቦታ የማይደርቅ ኩሬ ሲያገኝ ሳያድግ ይቀራል፣ ሌላ ቦታ ያድጋል። እኔን ሁለተኛው ያሳምነኛል፣ ግን አንድ ነገር ጨምሬ። ነብሩ ምርጫ አለው። አክሶሎትል ግን መውጫውን በርሱ ዘር ውስጥ ዘግቶታል። ቤቱን አንድ አድርጓል።

ያ ቤት ነው የፈረሰው። ቻልኮ በአብዛኛው ደረቀ፣ ሾቺሚልኮ ወደ ቦዮች ተሸነሸነ፣ የከተማው ፍሳሽ ገባበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ለምግብ ተብሎ ካርፕና ቲላፒያ ተለቀቀበት። ቲላፒያ ማለት ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ ብለን ጠብሰን የምንበላው የአባይ ዓሣ ነው፤ እዚያ ሄዶ የአክሶሎትልን እንቁላልና ልጅ ይበላል። በቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወደ 6,000 የሚገመት ነበር። በ2008 ወደ 100 ወረደ። በ2014 ደግሞ ወደ 36። እ.ኤ.አ. በ2021 ሜክሲኮ ባለ 50 ፔሶ ብሯ ላይ ምስሉን አተመች።

«ላብራቶሪ ሞልቶ የለ? ምን ያስጨንቃል?» የሚል አለ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፣ ዝርያው ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። የተቆረጠ እግሩን፣ ጅራቱን፣ የልቡን ክፍል ሳይቀር መልሶ ስለሚያበቅል ተመራማሪዎች አይተዉትም፤ የሰውን አሥር እጥፍ የሚያክለው የዘር መረጃውም እ.ኤ.አ. በ2018 ተነቧል። ነገር ግን የላብራቶሪው እርስ በርሱ የተዋለደ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ሆን ተብሎ ከነብር ሳላማንደር ጋር ተዳቅሏል። ወስደን ሐይቅ እንጣለው ቢባል የምንጥለው ያንኑ እንስሳ አይደለም።

ወንድ የሌለው ዘር

ከዚህ ቤተሰብ ሳልጠቅስ የማላልፈው አለ። በአሜሪካና በካናዳ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ሁሉም ሴት የሆኑ አምቢስቶማዎች አሉ። ወንድ የላቸውም። እንቁላላቸው እንዲጀምር ግን የዘር ፍሬ ያስፈልጋቸዋል፣ ስለዚህ የጎረቤት ዝርያ ወንዶች የተከሉትን ምሰሶ ያነሳሉ። ብዙ ጊዜ መቀስቀሻ ብቻ አድርገውት ይጥሉታል። አንዳንዴ ግን የዘር መረጃውን ያስቀሩታል፣ በዚህ መንገድ እስከ አምስት የሚደርሱ ዝርያዎችን የዘር መረጃ ሰብስበው ይዞራሉ። ይህ አኗኗር በሚሊዮን ለሚቆጠር ዓመት ዘልቋል። «ዝርያ» የሚለውን ቃል ትርጉም የሚያስተምር መምህር እነዚህን ሲያነሱበት ወንበር ስቦ መቀመጥ አለበት።

ኩሬውን አትርፎ አፈሩን መስጠት

አሁን ወደ ጥበቃው ክርክር። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጥያቄው «ኩሬውን እንጠብቅ ወይስ አንጠብቅ» ነበር። ሬይመንድ ሴምሊች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ጥያቄውን ቀየረው። ሳላማንደሮቹ ከኩሬው ወጥተው ምን ያህል ይርቃሉ ብሎ ያሉትን ጥናቶች ሰበሰበ። መልሱ፣ ከ100 ውስጥ 95ቱን ለማቀፍ ከኩሬው ዳር 164 ሜትር መሬት ያስፈልጋል የሚል ሆነ። እንግዲህ ዙሪያውን ቤትና ፓርኪንግ ሠርቶ መሐሉ ላይ ኩሬዋን አጥሮ «ጠብቀናል» ማለት ማዋለጃ ክፍሉን ትቶ ከተማውን እንደማፍረስ ነው።

በሌላ ወገን ያለውም መሰማት አለበት። ባለ መሬቱ «ይሄ እኮ ግማሽ ዓመት ደረቅ የሆነ ጉድጓድ ነው፣ ውሃ ተብሎ ሊታገድብኝ አይገባም» ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በሰጠው ውሳኔ የፌዴራሉ የውሃ ሕግ የሚጠብቃቸው ረግረጎች ከወንዝና ከሐይቅ ጋር በገጽ ላይ የተያያዙት ብቻ ናቸው አለ። ብቻቸውን የተቀመጡት የሚደርቁ ኩሬዎች በአብዛኛው ከዚያ ጥበቃ ወጡ፣ ጉዳዩ ለየክልሉ ሕግ ተተወ። ከወንዝና ከሐይቅ ጋር ባለመገናኘቱ ከዓሣ የተረፈው ኩሬ፣ በዚያው ባለመገናኘቱ ምክንያት ሕግ አጣ።

መንገድም ሌላ ጣጣ ነው። በዝናቡ ሌሊት አስፋልት ሲያቋርጡ ይዳጣሉ። አምኸርስት በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1987 ከአስፋልት ሥር ሁለት ጠባብ ዋሻዎች ተሠሩላቸው። አዲስ አበባ መሿለኪያ የሚባል ሰፈር አለን፤ እነሱ የሳላማንደር መሿለኪያ አላቸው።

«የአሜሪካ ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው» ለሚል፣ እንስሳው ባይኖረንም አሠራሩ አለን። ኢትዮጵያ ከ60 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች አሏት፣ ከሦስት አንዱ በላይ ሌላ አገር አይገኝም። ብዙዎቹ የሁለት ቤት ነዋሪ ናቸው፤ ልጅነት በውሃ፣ ጉልምስና በአፈርና በሣር። ቀበና ወይም ግንፍሌ ዳር ክረምት ላይ የምትጮኸው እንቁራሪትም ውሃውን ብቻ አይደለም የምትፈልገው፣ ከውሃው ወጥታ የምትሸሸግበት መሬት ያስፈልጋታል። የወንዝ ዳርቻ ልማቱ በዚህ ዓይን ሲታይ ሁለት መልክ አለው። ፍሳሹንና ፌስታሉን ማንሳቱ ለእንቁራሪት ትልቅ ውለታ ነው፤ ሳሙናና ዘይት በዚያ እርጥብ ቆዳ በኩል ቀጥታ ይገባሉ። ዳሩ ግን ግራና ቀኙ በድንጋይና በሲሚንቶ ተደፍኖ ካለቀ ውሃው ቢጠራም አንዱ ቤት የለም። ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት፣ ሳይነጠፍ የቀረ ተዳፋት በየመሐሉ መተው ወጪ አያበዛም። ትንኝ ይራባል የሚለው ስጋት አለ፣ ቦይ ውስጥ ለተኛ ቆሻሻ ውሃ እውነትም ነው፤ ትንኝ በላተኞቹ የሚኖሩበት ኩሬ ግን ሌላ ሒሳብ አለው።

ግቢ ውስጥ የታየውስ?

«ክረምት ላይ አይቼዋለሁ» ያለው ሰው ምናልባት እንሽላሊት ነው ያየው፣ ምናልባትም ገና ጅራቷን ያልጨረሰች እንቁራሪት። ነገር ግን አፈር ውስጥ የሚኖር እንቁራሪት አስተኔ ኢትዮጵያ ውስጥ በእርግጥ አለ። ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ። ሲሲሊያን ከሚባለው ሦስተኛው የእንቁራሪት አስተኔ ወገን ነው፤ እግር የለውም። ኤድዋርድ ቴይለር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሲሆን ሲልቫሲሲሊያ ይባላል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አልተገኘም። ልጅነቱ ጫካ ውስጥ ባለ ትንሽ ጅረት ነው፣ ካደገ በኋላ ደግሞ አፈርና የቅጠል ብስባሽ ሥር ይገባል።

ላየው ሰው ትልቅ የምድር ትል ወይም ትንሽ እባብ ይመስላል። ከእባብ የሚለየው ቆዳው ነው፤ እርጥብ ነው፣ ቀለበት ቀለበት የሆኑ እጥፋቶች አሉት። ከትል የሚለየው አፉ ነው፤ መንጋጋና ጥርስ አለው። በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ደግሞ ወጣ ገባ የምትል ትንሽ ቀንድ መሰል ነገር አለች፣ በጨለማ አፈሩን የሚያሸትባት።